ከባሕረ ጥምቀቱ ግንብ ማዶ ያለው ቤት

አንዲት እህትና ሁለት ወንድሞች አንድ ቤት ወረሱ። ቤቱ ጎንደር ነው፤ በአፄ ፋሲል ስም ከሚጠራው ባሕረ ጥምቀት ቅጥር ማዶ። ግንቡንና ቤቱን የሚለያቸው ጠባብ መንገድ ብቻ ነው። ታላቅየው አሜሪካ፣ ጆርጂያ ግዛት ይኖራሉ፤ ለዚያውም የጎልፍ ሜዳ ዳር። መካከለኛዋ ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው፤ እዚያው ቤት ተወልደው እዚያው ሸብተዋል። ሰፈሩ ሁሉ እትዬ ነው የሚላቸው፤ እኔም እንዲሁ። ታናሽየው ባሕር ዳር የሕንፃ መሣሪያ ይነግዳል።

እናታቸው በ2010 ዓ.ም. አረፉ። ተዝካሩ ካለፈ በኋላ የቤቱ ነገር ተነሣ። ታላቅየው "አፍርሰን ጂ ፕላስ ቱ የእንግዳ ማረፊያ እንሥራበት" አሉ። ታናሽየው "እንሽጠውና ድርሻ ድርሻችንን እንያዝ" አለ። እትዬ ደግሞ "ጣሪያው ማፍሰሱን ካቆመ እኔ ሌላ ምንም አልፈልግም" አሉ።

እኔ ሥራዬ የቤት ግምት ነው። የተጠራሁትም ግምት እንድሠራ ብቻ ነበር። ግን የቤተሰብ ቤት ሲገመት ገማቹ በሜትርና በቁጥር ብቻ አይወጣም። ሦስቱም በየተራ ይደውሉልሃል፤ ሦስቱም "ለሌሎቹ እንዳትነግር" ይሉሃል። ጉዳዩን የምጽፈው በሦስቱም ፈቃድ ነው። ስማቸውን ግን አልጠቅስም።

ለመጻፍ የገፋፋኝ አንድ ነገር ነው። ክፍት ሜዳ ዳር ቤት ያለው ወይም ሊገዛ ያሰበ ሰው ብዙ ይጠይቃል። ዋጋውን፣ ካርታውን፣ ውሃና መብራቱን። ሜዳው የማን እንደሆነ፣ ባለቤቱም ነገ ምን ሊያደርግበት እንደሚችል ግን የሚጠይቅ አላጋጠመኝም። የእነዚህ ሰዎች ጭቅጭቅ በሙሉ የተነሣው ከዚሁ ነው፤ ጎንደርም ጆርጂያም።

ቤቱ

ሰፈሩ የቆየ ነው። ከፒያሳ ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ቢርቅ ነው። የቀሃ ወንዝ በአጠገቡ ያልፋል። ቤቶቹ አብዛኞቹ የእንጨትና ጭቃ ናቸው፤ ቆርቆሮ የለበሱ፣ ግቢያቸው ጌሾና ኮክ ያለው። እዚያ ሰፈር አዲስ ሰው ሲገባ በሳምንቱ ዕድር ይጠየቃል። ማን ከማን እንደተጋባ፣ የማን ልጅ የት እንደሄደ ሁሉም ያውቃል።

አባታቸው ቤቱን የሠሩት በንጉሡ ጊዜ ነው። ግቢው ሰፊ ነበር። ከዋናው ቤት ሌላ በጎን በኩል የሚከራይ ቤት ነበራቸው። በ1967 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ወጣ፤ አዋጅ ቁጥር 47። መሬት የመንግሥት ሆነ። ለአንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት፣ ቦታውም ቢበዛ 500 ካሬ ሜትር ተባለ። የሚከራየው ቤት የቀበሌ ሆነ። እስከ ዛሬም የቀበሌ ነው። እዚያ የሚኖሩት ሰዎች ልጅ ወልደው፣ ልጃቸውም ወልዳ፣ ሦስተኛ ትውልድ ላይ ናቸው። ከእትዬ ጋር ቡና ይጠራራሉ። እናትየው ሲታመሙ ሌሊት ተሸክሞ ሆስፒታል ያደረሳቸው የዚያ ቤት ልጅ ነው። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት የሚባለው እንዲህ ያለው ነው።

ታላቅየው አገር የለቀቁት በደርግ ጊዜ በሱዳን በኩል ነው። ስለዚህ በልባቸው ያለው ግቢ የድሮው ግቢ ነው። መጀመሪያ በላኩልኝ ንድፍ ላይ የእንግዳ ማረፊያው መኪና ማቆሚያ የተሣለው የቀበሌው ቤት ላይ ነበር። ለእትዬ ባሳየኋቸው ጊዜ ሣቁ። ከዚያ ስልኩን አንሥተው ደወሉላቸው።

"ጋሼ፣ አንተ የምታስታውሰው የአባባን ግቢ ነው። አሁን እዚያ ሰው አለበት።"

"እታለም፣ በሕግ እናስመልሰዋለን።"

"ከማን ነው የምታስመልሰው? እማማን ተሸክሞ ካደረሳቸው ልጅ?"

ያ የመኪና ማቆሚያ ሁለተኛ አልተነሣም።

የጆርጂያው ሜዳ

ታላቅየው ለምን የእንግዳ ማረፊያ እንዳሰቡ ለመረዳት ቤታቸውን ማየት ያስፈልጋል። በስልካቸው አሳይተውኛል። ከአትላንታ ወጣ ብሎ ያለ፣ እንደ እኛው የቆየ ሰፈር ነው። ከሣሎን ወደ ጓሮ ሲወጣ አጥር የለም። ወዲያው ሣር ነው። ሣሩ አልቆ ኩሬ፣ ከኩሬው ማዶ ዛፍ። "ጠዋት ቡናዬን ይዤ ስቀመጥ ጎንደር ያለሁ ይመስለኛል" ይላሉ። ለዚህ እይታ ሲሉ ከጀርባ ካለው መንገድ ቤቶች የበለጠ ከፍለዋል። ስለዚህ ሒሳቡ ቀላል ሆነላቸው። እዚያ ሣር ማየት ያን ያህል ካስከፈለ፣ የአፄ ፋሲልን ባሕረ ጥምቀት ማየት ምን ያህል ያስከፍላል?

ጎልፍ ሜዳ ለአገራችን ጨርሶ እንግዳ አይደለም። አዲስ አበባ አሮጌው ኤርፖርት አካባቢ ክለቡ አለ፤ ዙሪያውም የደህና ሰዎች ሰፈር ነው። የአሜሪካው ልዩነት ብዙ ሜዳዎች ከቤቶቹ ጋር አብረው መሠራታቸው ነው። ሜዳውን የሚሠራው ቤት ሻጩ ነው። ሜዳው ያለው ቦታውን በውድ ለመሸጥ ነው። 18 ጉድጓዶች ይኖሩታል፤ ከአንዱ መምቻ እስከ ጉድጓዱ ድረስ ረጅም የታጨደ ሣር ይዘረጋል፤ ቤቶቹም በዚህ ግራና ቀኝ ይሰለፋሉ።

እዚያ መኖር ምን እንደሚመስል ስጠይቃቸው መጀመሪያ ያወሩኝ ስለ ፀጥታው ነው። ቆይተው ሌላውንም አወጡት። ሣር ማጨጃው ገና ሳይነጋ ይነሣል፤ ተጫዋቾች ከመምጣታቸው በፊት መጨረስ ስላለበት። ውሃ መርጫው ሌሊት ነው የሚሠራው። ኳሱ ደግሞ ራሱን የቻለ ታሪክ ነው። የጎልፍ ኳስ 46 ግራም አይሞላም፤ ግን በደንብ የተመታ እንደሆነ በሰዓት ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ይወነጨፋል። አብዛኛው ሰው በቀኙ ነው የሚመታው። ያልሠለጠነ ቀኝ መቺ ሲስት ደግሞ ብዙውን ጊዜ ኳሱ ወደ ቀኝ ይታጠፍበታል። የታላቅየው ቤት በቀኝ በኩል ነው። የጓሮ መስኮታቸው ተሰብሯል። ባለቤታቸው ቅዳሜና እሑድ ጓሮ ልብስ ማስጣት ትተዋል።

መረብ ለማቆም ቢያስቡ የሰፈሩ የቤት ባለቤቶች ማኅበር "እይታ ያበላሻል" ብሎ ከለከላቸው። ክለቡን ቢጠይቁ ሲገዙ የፈረሙትን ወረቀት አሳያቸው። ኳስ እንደሚመጣ አውቄ ገብቻለሁ የሚል ነው። ይህ እዚያ የተለመደ ነው። አንዳንዱ ግዛት መቺውን ያስከፍላል፣ አንዳንዱ ባለቤቱን "እያወቅህ ነው የገዛኸው" ይላል፤ መቺው ግን አብዛኛውን ጊዜ መስታወቱ ሲረግፍ ከሰማ በኋላ አይታይም።

ይህን ሁሉ እየሣቁ ነው የሚያወሩት። እኔ አንድ ነገር ጠየቅኳቸው።

"ጋሼ፣ ሜዳው የማን ነው?"

"የክለቡ ነዋ።"

"ክለቡስ?"

"የሆነ ኩባንያ አለ።"

"ቢሸጠውስ?"

"ጎልፍ ሜዳ እኮ ነው! ማን ይሸጠዋል?"

ይሸጣል። ቤቱ ተሸጦ ካለቀ በኋላ ሜዳው በራሱ ገቢ መኖር አለበት። ሣር ውሃ ይፈልጋል፣ ማሽን ይፈልጋል፣ ሠራተኛ ይፈልጋል። ተጫዋች ከቀነሰ ባለቤቱ መሬቱን ለቤት ሠሪ መስጠት ይቀለዋል። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ ለብዙ ዓመታት በየዓመቱ ከተከፈቱት ሜዳዎች የተዘጉት ይበልጡ ነበር። ይህን ስነግራቸው በኢሞ ላይ ዝም አሉ። መጀመሪያ ኔትወርኩ የተቋረጠ መስሎኝ ነበር።

ጥር 2011

እትዬ ታላቅየውን በቃል ሊያሳምኗቸው አልሞከሩም። "ለጥምቀት ናና ሦስት ቀን እደር" ነው ያሏቸው። መጡ።

ባሕረ ጥምቀቱ ዓመቱን ሙሉ ደረቅ ነው። በዓሉ ሊደርስ ሳምንታት ሲቀሩት ከቀሃ ወንዝ በቦይ ውሃ ይለቀቅበታል። ቀስ እያለ ነው የሚሞላው። በመካከሉ ያለው ባለ ቅስት ግንብ ከደረቅ መሬት ወደ ውሃ መካከል የሚገባው በእነዚያ ሳምንታት ነው። በዙሪያው ያሉት ትልልቅ ዛፎች ሥራቸውን በድንጋዩ ላይ ዘርግተው ግንቡን አቅፈውታል፤ የቱ ግንብ የቱ ሥር እንደሆነ መለየት ያስቸግራል። ታላቅየው ከእትዬ በረንዳ ላይ ይህን ሲያዩ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። አልፈርድባቸውም።

በዚያው ሰሞን የሰፈሩ ቧንቧ ደረቅ ነበር። ጎንደር ውሃ በፈረቃ ነው፤ የአንገረብ ግድብ በደለል ከተቸገረ ቆይቷል፣ ከተማዋም አድጋለች። እትዬ ፈረቃቸው እስኪደርስ ቢጫ ጀሪካን ደርድረው ይጠብቃሉ። ማዶ ግን ባሕር ይሞላል። "ላም አለኝ በሰማይ" ብለው ይሣቃሉ። የወንዝ ውሃ እንጂ የቧንቧ አይደለም፣ ያንን ያውቃሉ። ግን ጀሪካን ይዞ ያንን ማየት ያሥቃል።

ጥር 10 ከተራ ነው። መኪና ወደ ሰፈሩ አይገባም። ታቦታቱ በዝማሬና በእልልታ ይመጣሉ፤ ሕዝቡ ከየአገሩ ይጎርፋል። ሌሊቱን ቅዳሴና ዝማሬ ነው። ሲነጋ ውሃው ይባረካል፣ ሕዝቡ ይረጫል፣ ወጣቱ ዘልሎ ይገባል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ከመኝታ ቤትህ መስኮት ማዶ ነው። ደስታው ልክ የለውም። መተኛት የሚባል ነገር ግን የለም።

የቤቱን ነገር የወሰነው ሽንት ቤቱ ነው ብል ማጋነን አይሆንም። ያን ያህል ሕዝብ አንድ ቦታ ሲያድር የት ይሂድ? የእትዬ በር ሌሊቱን ሙሉ ይንኳኳል። "እናቴ፣ ለልጄ ብቻ።" "እማማ፣ ነፍሰ ጡር ናት።" እትዬ እንቢ የማለት አቅም የላቸውም፤ በጥምቀት ቀን ማን እንቢ ይላል? የጉድጓድ ሽንት ቤት ነው፣ ያውም የድሮ። ጥር 11 ማታ ሞልቶ ወደ ግቢው ወጣ። ታላቅየው ከአሜሪካ ያመጡትን ነጭ ጫማ አውልቀው፣ ሱሪያቸውን ሰብስበው፣ ከታናሽየው ጋር አፈርና አመድ ሲደፉ አደሩ። ቤቱ ውስጥ ደግሞ ከአርማጭሆና ከደንቢያ የመጡ ዘመዶች መሬት ላይ ተደርድረው ተኝተዋል። ሁሉም መብላት አለበት፣ ሁሉም ጠላ ይፈልጋል።

በማግሥቱ ታላቅየው ጠሩኝ። "የእንግዳ ማረፊያው ስንት ሽንት ቤት ያስፈልገዋል?" አሉኝ። እኔ ሌላ ጥያቄ ጠየቅኳቸው። እነዚህ ሦስት ቀናት ሲያልፉ ማን ይመጣል? ጎንደር የሚመጣ ቱሪስት ፒያሳ አካባቢ ወይም እንደ ጎሃ ያለ ኮረብታ ላይ ያለ ሆቴል ነው የሚያድረው። ባሕረ ጥምቀቱን በቀን አይቶ ይመለሳል። ዕዳ ተበድሮ የተሠራ ሕንፃ በሦስት ቀን ገቢ ዓመቱን አይዘልቅም።

ወረቀቱ

እዚህ ጋ ትንሽ ልዘግይ። ሰው የሚሰለቸው ክፍል ይህ ነው፤ ገንዘብ የሚጠፋውም እዚሁ ነው።

መጀመሪያ ቅርሱ። እ.ኤ.አ. በ1979 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ የሰፈረው የፋሲል ግቢ ብቻ አይደለም። ባሕረ ጥምቀቱም፣ ቁስቋምም፣ ጉዛራም በዚያው መዝገብ ውስጥ ናቸው። በአገር ውስጥ ደግሞ የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 አለ። በአጭሩ፣ ለቅርስ በተከለለ አካባቢ የቅርስ ባለሥልጣኑ ሳይፈቅድ መሠረት መቆፈርም መገንባትም አይቻልም። የቅርሱን ገጽታና እይታ የሚጋርድ ሕንፃ ሲቀርብ ችግር እንደሚገጥመው ለማወቅ ነቢይ መሆን አያስፈልግም። ያም ሆኖ ታላቅየው በጽሑፍ ይጠየቅ አሉ። ተጠየቀ። መልሱ የጠበቅነው ነው፤ ያለውን ቤት ከፍታውን ሳይጨምር ማደስ ይቻላል፣ ጂ ፕላስ ቱ አይቻልም።

ታላቅየው ተናደዱ። "በራሳችን ቦታ?" አሉ። እኔ ግን በዚያ መልስ ውስጥ የሚጠቅማቸውም ነገር አይቼ ነበር። የጆርጂያው ሜዳ እይታ ነገ በአንድ ፊርማ ሊጠፋ ይችላል። የጎንደሩን ማንም ሊሸጠው አይችልም። ከፊት ለፊታቸው አምስት ፎቅ አይበቅልም። እነሱን ያሰረው ሕግ ጎረቤታቸውንም አስሯል። ከታላቅየው ሁለት ቤቶች እይታው ዋስትና ያለው ፎቅ የማይሠራበት ነው።

ቀጥሎ ሽያጩ። ታናሽየው ደላላ አነጋግሮ ነበር። ደላላው "ሎኬሽኑ ወርቅ ነው!" ብሎ ዋጋ ሰቅሎለታል። ደላላው ያልነገረው ነገር አለ። ያን ጊዜ ይሠራበት በነበረው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721/2004 መሠረት ነባር ይዞታ፣ ማለትም ሊዝ ከመምጣቱ በፊት የተያዘ ቦታ፣ በውርስ ሲተላለፍ እንደነበረ ይቀጥላል። በሽያጭ ከተላለፈ ግን ገዢው በሊዝ ሥሪት ውስጥ ይገባል፤ ቦታውን ለተወሰነ ዘመን ለመንግሥት እየከፈለ ይይዛል ማለት ነው። ገዢ ሞኝ አይደለም፤ የሊዙን ወጪ አስቦ ከዋጋው ይቀንሳል። ፎቅ እንደማይሠራበት ሲሰማ ደግሞ እንደገና ይቀንሳል። ሁለቱን ቀንሼ ግምቱን ሳሳየው ታናሽየው የወረቀቱን ጀርባ ገልብጦ አየ፤ ቀሪው ቁጥር እዚያ ያለ መስሎት ይሆናል።

የታላቅየው ዜግነት እንቅፋት ይሆናል ብለው እትዬ ሠግተው ነበር። አልሆነም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ የውጭ ዜጋ የማይንቀሳቀስ ንብረት እንዳይይዝ ይከለክል ነበር፤ ነገር ግን አዋጅ ቁጥር 270/1994 ለትውልደ ኢትዮጵያውያን ይህን አንሥቶላቸዋል። ቢጫ ካርዳቸው፣ የትውልደ ኢትዮጵያዊነት መታወቂያው፣ በእጃቸው ነበር።

ሥሩ

ግምት ለመሥራት ቤቱን ስዞር ማዕድ ቤቱ ውስጥ ምንጣፍ ተነጥፎ አየሁ። ማዕድ ቤት ምንጣፍ አይነጠፍም። ገለጥ አደረግኩት። የሲሚንቶው ወለል ተሰንጥቆ ከበሩ እስከ ምድጃው ድረስ ወደ ላይ ተነሥቷል። በስንጥቁ ውስጥ የክንድ ውፍረት ያለው ሥር ይታያል። በመንገዱ ዳር ያለው ትልቁ ዛፍ ከመንገዱ ሥር አልፎ፣ የውሃ መውረጃውን ተከትሎ ገብቷል። እትዬ ለዓመታት እንጀራ የጋገሩት አንድ እግራቸውን እዚያ ጉብታ ላይ አድርገው ነው።

"ለምን አላስቆረጡትም?" አልኳቸው።

"ዛፉን ማን ይነካዋል ልጄ? ከእኔም ከአንተም በፊት ነበረ።"

ሰፈሩ ዛፉን እንደ ቅርሱ አካል ነው የሚያየው። ሥሩን መቁረጥ ዛፉን ሊያደርቀው ወይም በነፋስ ሊጥለው ይችላል፤ ቢወድቅ ደግሞ የሚወድቀው ቤቱ ላይ ነው። ስለዚህ ሌላ ዘዴ ፈለግን። ማዕድ ቤቱ በግቢው ሌላ ጥግ እንዲሠራ፣ የድሮው ወለል ፈርሶ አፈርና ድንጋይ ብቻ እንዲደፋበት። ሥሩን የሚጠራው የሚያፈስ ውሃ ስለሆነ መውረጃው በፕላስቲክ ቱቦ ተቀይሮ ከዛፉ እንዲርቅ። ቀላል ሥራ ነው። ግን የቤቱን ዕድሜ ያራዘመው ከጣሪያው ይልቅ ይህ ይመስለኛል።

ስምምነቱ

ሦስቱ የተስማሙት በአንድ ጊዜ አይደለም። በኢሞ ተጨቃጨቁ፣ ተኳረፉ፣ የንስሐ አባታቸው ገቡበት። አንድ ጊዜ ታናሽየው "እትዬ ነጻ ቤት ትኖራለች፣ እኔ ባሕር ዳር ኪራይ እከፍላለሁ" አለ። እውነቱን ነው። እትዬም መልስ ነበራቸው፦ "እማማን ስምንት ዓመት ያስታመምኩበትን ማን አሰበልኝ?" ይህም እውነት ነው። ሁለት እውነት በአንድ ወረቀት ላይ ማስፈር ቀላል አይደለም።

በመጨረሻ የተፈረመው እንዲህ ነው። ቤቱ በሽያጭ ሳይሆን በውርስ ክፍፍል እንዲያልፍ። ታናሽየው ድርሻውን በገንዘብ እንዲወስድ፤ ከፋዩ ታላቅየው፣ በየጊዜው እየከፋፈሉ። ጠበቃቸው ይህ በክፍፍሉ ስምምነት ውስጥ መግባት አለበት፣ ክፍፍሉ ካለቀ በኋላ የሚደረግ ሽያጭ የሊዝ ጥያቄ ያመጣል አለ፤ እንደዚያው ሆነ። እትዬ በሕይወት እስካሉ እዚያው ይኖራሉ። ለእድሳቱ የሚወጣው የታላቅየው ገንዘብ በጽሑፍ ይያዛል፣ ወደፊት ሒሳብ ሲሠራ ይታሰብላቸዋል። በግቢው የቀሩት ሁለት ሰርቪስ ቤቶች ታድሰው ይከራያሉ፤ ኪራዩ መጀመሪያ ለቤቱ ጥገና ይውላል።

ታላቅየው አንድ ነገር ብቻ እንዲጨመርላቸው ለመኑ። ከበረንዳው በላይ የእንጨት መመልከቻ፤ ለጥምቀት ዘመድ የሚቆምበት። እኔ አልሣልኩላቸውም። የጭቃ ግድግዳ ላይ የሚያርፍ እንጨት ስንት ሰው እንደሚሸከም ሰው ሲበዛ ማንም አይቆጥርም። ነገሩ እንደተንጠለጠለ እ.ኤ.አ. በ2019 ማብቂያ ጥምቀት በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ተመዘገበ፤ የዚያ ዓመት በዓል ሕዝቡ የተለየ ነበር። በዚያው የ2012 ጥምቀት እዚያው ባሕረ ጥምቀቱ ላይ ለተመልካች የተሠራ የእንጨት መቀመጫ ተደርምሶ የሰው ሕይወት ጠፋ። ከዚያ ወዲህ መመልከቻው ከማንም አፍ አልወጣም። እትዬም በረንዳቸው ላይ ሰው እንዲበዛ አይፈቅዱም፤ የወንድም ልጅም ቢሆን ተራውን ጠብቆ ነው የሚወጣው።

እድሳቱ ያለቀው ከዚያ በዓል በፊት ነበር። ጣሪያ፣ መውረጃ፣ ማዕድ ቤት፣ ሁለት ሰርቪስ ቤት፣ ከዚያም ሁለት አዲስ ሽንት ቤት፤ አንዱ በሩ ወደ መንገድ የሆነ። ይህን የመጨረሻውን ያሰቡት እትዬ ናቸው። "መምጣታቸው ካልቀረ በመኝታ ቤቴ በኩል አይለፉ" አሉ። ባለ ሙያው ገርሞት ነበር፤ አሁን ሌሎች ሁለት ግቢዎች ያንኑ አሠርተዋል።

ከበዓሉ በኋላ ሁለት ወር ሳይሞላ ኮሮና ገባ። ቱሪስት ጠፋ፣ ሆቴሎች በራቸውን ዘጉ። የእንግዳ ማረፊያው ተሠርቶ ቢሆን ኖሮ ታላቅየው የመጀመሪያውን የባንክ ክፍያ የሚከፍሉት ለባዶ አልጋ ነበር። ሰርቪስ ቤቶቹን የያዙት ግን የዩኒቨርሲቲ መምህራን ነበሩ። ኪራዩ ትንሽ ነው፤ አልቆመም።

ከዚያ ወዲህ

ከሁለት ዓመት በኋላ ታላቅየው በድንገት ደወሉልኝ። የጎልፍ ሜዳው ባለቤት ለነዋሪው ደብዳቤ በትኗል። ሜዳው ሊዘጋ ነው፤ መሬቱ ላይ ቤት ሊሠራበት ታስቧል። ነዋሪው ተሰብስቦ ጠበቃ ቀጠረ። ጠበቃው መጀመሪያ የፈለገው፣ በመሬቱ መዝገብ ላይ ቦታው ሜዳ ሆኖ እንዲቀጥል የሚያስገድድ ቃል አለ ወይ የሚለውን ነው። ታላቅየው ሲገዙ ከፈረሙት ክምር ወረቀት ውስጥ ስለ ኳስ የሚለውን አገኙ። ስለ ሜዳው መቀጠል የሚል አላገኙም። የቀራቸው መንገድ የመሬት አጠቃቀሙ እንዳይቀየር አስተዳደሩ በሚጠራው ሕዝባዊ ስብሰባ ላይ መቃወም ነው። በእነሱ አገር መሬት ለአንድ ነገር ተመድቦ ከሆነ ወደ ሌላ ለመቀየር ነዋሪው የሚሰማበት መድረክ አለ። ይሰማል ማለት ግን ውሳኔው የነዋሪው ነው ማለት አይደለም።

ስብሰባው ላይ ተናግረዋል። ቪዲዮውን ልከውልኛል። በእንግሊዝኛቸው ውስጥ ሁለት ጊዜ ጎንደር የሚል ቃል ሰምቻለሁ። ጉዳዩ እስካሁን አልተቋጨም። የመስኮታቸው ነገር ደግሞ መልኩን ቀይሯል፤ ተጫዋች ስለቀነሰ ኳስ የሚመጣው አልፎ አልፎ ነው፣ ሣሩም እስከ ጉልበት ደርሷል፣ ባለቤታቸው እባብ ፈርተው ጓሮውን ትተውታል።

ለጠበቃው የሚከፍሉት ወጪ ለታናሽየው ከሚልኩት ላይ እየተቀነሰ ነው። ታናሽየው ባለፈው ሲደውልልኝ የጠየቀኝ ስለ ቀሪው ድርሻው ነው፤ በዛሬ ዋጋ እንደገና ይገመትልኝ ይላል። እትዬ ደግሞ ውሉ ከተፈረመ ወዲህ ግምት የሚባል ቃል በዚያ ቤት እንዳይነሣ ከልክለዋል። ለእሱ ውሉን እንዲያነብ ነግሬዋለሁ። ግምቱ የተቆረጠበት ቀን አራተኛው አንቀጽ ላይ አለ፣ የእሱም ፊርማ ከሥሩ።